«አትግባ» ሌላ፣ «አታሳየኝ» ሌላ

ኮምፒውተር ታዛዥ ነው ይባላል። እውነት ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ይኸው ታዛዥነቱ ነው። ሰው «ጓዳ እንዳትገባ» ሲባል ለምን እንደተባለ ይገምታል፤ ጓዳው ውስጥ ሊጥ ይኑር ገንዘብ ባይነገረውም «ነገር ቢኖረው ነው» ብሎ ይተወዋል። ኮምፒውተር ግን ያልነውን ቃል እንጂ ያሰብነውን አይሰማም። «ከዚህች ፎልደር በቀር ያለውን ፋይል ሁሉ ዘርዝርልኝ» የምትለው ትንሽ ጥያቄ እንኳ ብዙ ወጣት ባለሙያ ሳያውቀው የሚወድቅባት ጉድጓድ ናት። ዛሬ ስለዚች ጉድጓድ ልናወጋ ነው።

«ስለ አንዲት ትእዛዝ አንድ ሙሉ ጽሑፍ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ታገሱን። ነገሩ የትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምስት መስመር ይበቃው ነበር። ነገር ግን በዚች ጥያቄ ላይ የሰው ደረሰኝ፣ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሊንጠለጠል ይችላል። ባካፕ የሚሠራው፣ አሮጌ ፋይል የሚጠርገው፣ ሥራውን ጠቅልሎ ለደንበኛ የሚልከው ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ «ይህን ሳይጨምር» ማለቱ አይቀርም። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ «ይህን ሳይጨምር» የምትለዋ ሐረግ ከአንድ በላይ ትርጉም አላት። ትርጉሞቹን ሳይለዩ ስክሪፕት መጻፍ ፍሬንና ፍሪሲዮኑን ሳይለዩ መኪና እንደመንዳት ነው። ሜዳው ላይ ያስኬዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ያሳያል።

ለማያውቁት በአጭሩ እናስተዋውቅ። ሊኑክስ ወይም ማክ የሚጠቀም ሰው ተርሚናል የሚባለውን መስኮት ከፍቶ በጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ዊንዶውስ ያለውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2016 በመጣው ደብልዩኤስኤል አማካይነት የሊኑክሱን ተርሚናል እዚያው ማሽኑ ላይ ያገኘዋል። በዚያ መስኮት ውስጥ የፋይል ፍለጋ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው «ፋይንድ» ነው። እንደ ወንድሙ እንደ «ግሬፕ» ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከቤል ላብስ ዩኒክስ ጋር ያደገ ሽማግሌ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳንወለድ ሥራ ጀመረ፣ እስካሁንም ጡረታ አልወጣም። ሥራው ቀላል ነው፦ አንድ ፎልደር ይሰጡታል፤ እሱም ውስጡን፣ የውስጡንም ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው ጓዳ ድረስ እየዞረ ያገኘውን ይዘረዝራል።

ምሳሌ እንያዝ። «ሥራ» የሚባል ፎልደር አለን እንበል። በውስጡ ሦስት ፎልደሮች አሉ፦ «ደብዳቤ»፣ «ሒሳብ» እና «ፎቶ»። (አዎ፣ በአማርኛ ስም ማውጣት ይቻላል፤ ሊኑክስ ፊደላችንን አይጠላም።) ፎቶው ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ አለው። የምንፈልገው ከፎቶው በስተቀር ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የምንጽፋቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ ግን የፎልደሮቹ ስም ሲቀር ሌላው ሁሉ በላቲን ፊደል ይተየባል።

ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚማረው፣ ብዙው ሰውም እስከ መጨረሻው የሚቀርበት መንገድ ይህ ነው፦

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ | ግሬፕ -ቪ ፎቶ

ነጥቧ «አሁን ካለሁበት ፎልደር ጀምር» ማለት ናት። «-ታይፕ ኤፍ» ደግሞ «ፋይል ብቻ» ነው። ቀጥ ያለችው መስመር የግራውን ውጤት ለቀኙ ታቀብላለች። «ግሬፕ -ቪ» ከመጣለት ዝርዝር ውስጥ «ፎቶ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ይጥላል። ስክሪኑ ላይ ፎቶ የለም። ሰውየው ረክቶ ቡናውን ይጠጣል።

እስቲ ቆም ብለን የሆነውን እንይ። ፋይንድ ፎቶ ፎልደር ውስጥ ገብቷል። አንድ በአንድ ዞሮታል። እያንዳንዱን ፋይል ቆጥሮ ስሙን ጽፏል። ግሬፕ የሚመጣው ስሙ ከተጻፈ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ለመሰረዝ ነው። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እንግዳው ጓዳውን ዞሮ ጨርሶ ከወጣ በኋላ «ያየኸውን እንዳታወራ» ማለት «አትግባ» ማለት አይደለም። «አታሳየኝ» ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ጎደለ? ውጤቱ አንድ አይደል?» የሚል ይመጣል። አይደለም እንላለን፤ ሦስት ምክንያት አለን።

አንደኛው ድካሙ ነው። ዌብሳይት የሚሠሩ ወዳጆቻችን «ኖድ ሞጁልስ» የምትባለውን ፎልደር ያውቋታል። ፕሮግራመሩ በእጁ የጻፋቸው ፋይሎች ጥቂት መቶ ቢሆኑ፣ እሷ ውስጥ በሺዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሌላ ሰው ፋይሎች ተደርድረው ይገኛሉ። ለሦስት መቶ ፋይል ብሎ አርባ ሺህ ፋይል መዞር፣ ያውም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ወይም በኔትወርክ በተገናኘ ሰርቨር ላይ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ ኮንዶሚኒየሙን በሙሉ ማንኳኳት ነው።

ሁለተኛው ጩኸቱ ነው። አንዳንድ ፎልደር የሚከፈተው በባለቤቱ ብቻ ነው። ፋይንድ እዚያ ሲደርስ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ያወጣል። ይህ መልእክት በስሕተት መስመር በኩል የሚወጣ ስለሆነ በመስመሯ አልፎ ግሬፕ ዘንድ አይደርስም፤ ግሬፕም አይሰርዘውም። ሰውየው ይናደዳል። ከዚያ ከሆነ ቦታ የቀዳውን ሌላ ቁራጭ ይጨምራል፤ የስሕተት መልእክቱን ሁሉ «ዴቭ ነል» ወደሚባለው የሊኑክስ ገደል የሚወረውር። አሁን ስክሪኑ ጸጥ አለ። ግን የተወረወረው የማይፈልገው ጩኸት ብቻ አይደለም። ነገ ሒሳብ ፎልደር አልከፈት ቢል ያም መልእክት አብሮ ገደል ይገባል። በአንድ «አታሳየኝ» ላይ ሌላ «አታሳየኝ» ተደረበ ማለት ነው። እዚያው በር ላይ «አትግባ» ቢባል ኖሮ መጀመሪያውኑ በሩን አይነካውም፤ ጩኸትም አይኖርም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱም ዝምታው ነው። ግሬፕ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የፊደል ድርድር ነው። «ፎቶ» ያለበትን መስመር ጣል ብለነዋል፤ ይጥላል። ሒሳብ ፎልደር ውስጥ «የፎቶኮፒ ወጪ» የሚል ፋይል ካለ እሱንም ይጥለዋል። «የፎቶ ባለሙያ ውል» የሚለው ደብዳቤም ይጣላል። አልተሳሳተም፤ ያልነውን ነው ያደረገው። ይህ ዝርዝር ለባካፕ የተዘጋጀ ቢሆን የፎቶኮፒው ደረሰኝና ውሉ ባካፑ ውስጥ የሉም። ማንም አልነገረንም። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። የምናውቀው ዲስኩ የተበላሸ ዕለት፣ ባካፑን ከፍተን ውሉን ስንፈልግ ነው። ባካፕ ሲሠራ ስሕተቱ አይታይም፤ የሚታየው ሲያስፈልግ ነው፤ ያኔ ደግሞ መሽቷል።

እንግዲህ «አትግባ» የሚባለው እንዴት ነው? እንዲህ፦

ፋይንድ . -ፓዝ ./ፎቶ -ፕሩን -ኦ -ታይፕ ኤፍ -ፕሪንት

ሲያዩት ያስፈራል። ሲያነቡት ግን አማርኛ ነው። «-ፓዝ ./ፎቶ» ማለት «መንገዱ ይህ ከሆነ» ነው። «-ፕሩን» ቅርንጫፍ መከርከም ነው፤ «ከዚህ ወዲያ አትሂድ» ማለት። «-ኦ» ደግሞ «አለዚያ» ናት። አንድ ላይ ሲነበብ፦ «መንገዱ ፎቶ ከሆነ አትግባ፤ አለዚያ ግን ፋይል ከሆነ ስሙን ጻፍ።» በቃ! ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የያዘ ሰው ትእዛዙን አይረሳውም። ትእዛዙን ብቻ የሸመደደ ግን በየጊዜው ይረሳዋል፤ በየጊዜውም ሊቀዳ ይሄዳል።

ዓረፍተ ነገሩ ሲገባን ወጥመዶቹም ይገቡናል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «-ፕሪንት» ብንተዋት ፋይንድ በራሱ ፈቃድ ለሁለቱም ወገን ይጽፋል፤ «ፎቶ» የሚለው የፎልደሩ ስም ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ይላል። ውስጡ ግን አይመጣም። «ሳይጨምር ብዬው ጨመረ!» ብለው ኪቦርድ የሚደበድቡት እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ። ከነጥብ ከጀመርን መንገዱም በነጥብ መጀመር አለበት፤ ከሌላ ቦታ ከጀመርን መንገዱ ያንኑ መነሻ መያዝ አለበት። መጨረሻው ላይ ዘንባላ መስመር ብንጨምር፣ «./ፎቶ/» ብንል፣ አይገጥምም፤ ፋይንድ ዘው ብሎ ይገባል። «-ፓዝ» ትተን «-ኔም ፎቶ» ካልን ደግሞ የትም ቦታ ያለ ፎቶ የሚባል ፎልደር ሁሉ ይቀራል፤ ደብዳቤ ውስጥ ያለውም ጭምር። አንዳንዴ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

አንባቢ ልብ ካለ እኛ «አትግባ» ይሻላል፣ «አታሳየኝ» ይቅር የምንል ይመስለዋል። ለዝርዝር አዎ። ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ዝርዝር የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ነገር መንደርደሪያ ነው፤ ከነዚያም ሁሉ አደገኛው ማጥፋት ነው።

እንዲህ እንበል። አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ሞልቶበት ጊዜያዊ ፋይሎችን ሊጠርግ ተነሳ። ስማቸው በ«.ቲኤምፒ» ያበቃል። ነገር ግን ሒሳብ ፎልደር ውስጥ ያሉትን እንዳይነካ ተነግሮታል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ያልተዘጋ ሥራውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ልጁ ጠንቃቃ ነው። መጀመሪያ ሳያጠፋ ዘረዘረ፦

ፋይንድ . -ፓዝ ./ሒሳብ -ፕሩን -ኦ -ኔም '*.ቲኤምፒ' -ፕሪንት

ዝርዝሩን አየ። ሒሳብ የለበትም። ጎሽ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለችውን «-ፕሪንት» አንስቶ በቦታዋ «-ዲሊት» አስገባ፤ «አጥፋ» ማለት ነው። ሌላ ምንም አልቀየረም። ታዲያ ምን ሊፈጠር ይችላል?

ሊፈጠር የሚችለው ይህ ነው። አንድ ፎልደር ከመጥፋቱ በፊት ውስጡ ያለው መጥፋት አለበት፤ ጣራውን ሳያነሱ መሠረቱን አይነቅሉም። ስለዚህ «-ዲሊት» ሲጻፍ ፋይንድ አካሄዱን ይገለብጣል፤ ከላይ ወደ ታች መሄዱን ትቶ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ይህ አካሄድ «-ዴፕዝ» ይባላል። ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ደግሞ በሩ ላይ ሲደርስ ጓዳውን ጨርሶታል። «አትግባ» የሚለው ቃል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንግዳው ግን ከውስጥ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ «-ፕሩን» ምንም አይሠራም። የፋይንድ መመሪያም ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፦ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ፋይዳ የለውም።

ሊኑክስ ላይ ያለው አዲሱ ፋይንድ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ «አልሠራም» ብሎ ይቆማል፤ ምክንያቱንም ይናገራል። እግዜር ይስጠው። በሁሉም ሲስተም ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ይመጣል ብሎ መተማመን ግን አያዋጣም። ማስጠንቀቂያው ራሱ ደግሞ «ግድ የለም ካላችሁ -ዴፕዝን ራሳችሁ ጻፉት» የሚል ምክር ያክላል። የቸኮለ ሰው ምን ያደርጋል? ምክንያቱን ዘልሎ ምክሯን ያነባል። «-ዴፕዝ» ጨመረ። ትእዛዙ ሄደ። ሰርቨሩ ቀለለ። ሒሳብ ውስጥ የነበረውም አብሮ ቀለለ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ፋይንድ ያጠፋው ፋይል ቅርጫት ውስጥ ገብቶ አይጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነገጠን የልጁ ጠንቃቃነት ነው። ግዴለሽ አልነበረም። ሳያጠፋ በፊት ዘርዝሮ አይቷል፤ ማንም አስተማሪ የሚመክረውን አድርጓል። ነገር ግን ያየው ዝርዝርና የጠፋው ነገር አንድ አልነበሩም፤ ምክንያቱም «-ፕሪንት» እና «-ዲሊት» የሚሄዱት በተለያየ መንገድ ነው። ማየት ብቻውን ጥንቃቄ አይሆንም። ማየት የሚጠቅመው የሚታየው ነገር የሚሆነው ነገር ሲሆን ነው። ለዚህም ነው መመሪያው «በኋላ ልታጠፉበት ያሰባችሁትን ትእዛዝ ስትሞክሩ -ዴፕዝን ጨምራችሁ ሞክሩ» የሚለው። ያኔ ሙከራው ላይ ሒሳብ ብቅ ይላል፤ ልጁም ይደነግጣል፤ መደንገጡም ያድነዋል።

ታዲያ ለማጥፋት ትክክለኛው የቱ ነው? ይኸውና፦

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ ! -ፓዝ './ሒሳብ/*' -ኔም '*.ቲኤምፒ' -ዲሊት

ቃለ አጋኖዋ «ያልሆነ» ማለት ናት። «ፋይል ከሆነ፣ መንገዱም በሒሳብ ስር ካልሆነ፣ ስሙም በቲኤምፒ ካበቃ አጥፋው።» እዚህ ፋይንድ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ይገባል እንጂ አይነካም። ይህ ሦስተኛው ቃላችን ነው፤ «አትንካ»። ይደክማል፤ ግን ከታች መጣ ከላይ መጣ ልዩነት የለውም፤ እያንዳንዱ ፋይል ስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል። «-ዲሊት» ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መሆኗም አይዘንጋ። ፋይንድ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ «አጥፋ» ከፊት ከቀደመች ጥያቄው ሳይጠየቅ ቅጣቱ ይፈጸማል። ኮከቧ ያለችበትንም በጥቅስ መክበብ ግድ ነው፤ ካልተከበበች ፋይንድ ሳያያት ሼሉ ራሱ ቀድሞ ይተረጉማታል።

እንግዲህ «አትግባ»፣ «አታሳየኝ»፣ «አትንካ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። ለዝርዝር «አትግባ» ይበልጣል። ለማጥፋት «አትንካ» ያስተማምናል። ከሁሉ የሚያንሰው «አታሳየኝ» ነው። የሚገርመው ደግሞ ከሁሉ አብዝተን የምንጠቀመው እሱን መሆኑ!

ለእኛ ለፊደል ባለቤቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩ ዓለም ፊደላችንን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በቁጥር እንጂ በድምፅ አይደለም። በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር «ሥ» ቁጥሯ 1225 ነው፤ «ስ» ደግሞ 1235። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን እንደ «በ» እና «ከ» የተራራቁ ናቸው። «ሒሳብ አትንካ» ያልነው ኮምፒውተር «ሂሳብ» የሚባል ፎልደር ቢያገኝ ይነካዋል። ፎልደሩን የከፈተው ሌላ ባልደረባ ቢሆንና እሱ በለመደው ፊደል ቢጽፈውስ? በትምህርት ቤት የፊደል ክርክር ያሰለቸን ሁሉ እዚህ ጋ እንነቃለን። መፍትሔው አለ፤ «[ሒሂሐሀኅኃ]ሳብ» ብለን በቅንፍ ከከበብናቸው ከመካከላቸው አንዱ ሲገጥም ይይዘዋል። የተሻለው መፍትሔ ግን አንድ ቢሮ አንድ አጻጻፍ ላይ መስማማቱ ነው። የማይነካ ፎልደር ስም እንደ ሰው ስም ነው፤ ሁሉም እኩል ሊጽፈው ይገባል።

ወደ ተቃውሞው እንምጣ። «ዘንድሮ ማን ፋይንድ ይጽፋል? ኤአይ ጠይቀን ይጽፍልናል» የሚሉን አሉ። እኛም እንጠይቃለን፤ አናፍርበትም። ብዙ ጊዜ ጥሩ ይጽፋል። ነገር ግን «ፎቶ ሳይጨምር» ብለን ስንጠይቀው ከሦስቱ የትኛውን እንደፈለግን እሱ በምን ያውቃል? አንዱን መርጦ ይሰጠናል። መምረጡን እንኳ የምናውቀው ሦስት መሆናቸውን ስናውቅ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ባዶ ሲሆን አለቃ ጠርቶ የሚጠይቀው ኤአዩን ሳይሆን እኛን ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ዛሬም አላረጀም።

«ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህን ሁሉ በራሳቸው ያደርጉታል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። «ታር» እና «አርሲንክ» የራሳቸው «-ኤክስክሉድ» አላቸው፤ ግሬፕም ፎልደር ሲያስስ «-ኤክስክሉድ-ዲር» የሚል አማራጭ አለው፤ የጂኤንዩው «ኤልኤስ» እንኳ «-ኢግኖር» ያውቃል። (ረጃጅሞቹ አማራጮች ተርሚናሉ ላይ በሁለት ሰረዝ ይጀምራሉ።) ሥራውን ጠቅልሎ በሞባይል ዳታ ለሚልክ ሰው በታር «ኖድ ሞጁልስን» ማስቀረት ገንዘብ ነው፤ ጥቅሉ ሳያልቅ ሥራው ይደርሳል። እነዚህን ተጠቀሙ እንላለን። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሳይጠየቁ ያገልላሉ። «ሪፕግሬፕ» የሚባለው ፈጣን ፈላጊ ለምሳሌ «ጊትኢግኖር» የተባለው ፋይል ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ካልነገርነው በቀር ይዘለዋል፤ ስውር ፋይሎችንም እንዲሁ። ለፕሮግራመር ይህ በረከት ነው። ግን ያ ፋይል ከዓመት በፊት ሌላ ሰው የጻፈው ሲሆንና እኛ «ፈልጌ አጣሁት፣ የለም» ብለን ለደንበኛ ስንምል፣ የለም ያልነው ነገር ጓዳ ተቀምጧል። አታሳየኝ ያለው ሌላ ሰው፤ ያላየነው እኛ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ብዙ አንጠይቅም።

ስክሪፕት ውስጥ የምናገልለው ፎልደር በግልጽ፣ ከላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፍ። አጠገቡም ለምን እንደተገለለ በአንዲት መስመር አስተያየት ይቀመጥ። «ፎቶ፦ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ስላለው» ብትል በቂ ናት። ነገ ያ ሌላ ዲስክ ሲሸጥ ስክሪፕቱን የሚያነብ ሰው «ምክንያቱ ቀርቷል፣ መገለሉም ይቅር» ለማለት ይችላል። ምክንያቱ ያልተጻፈ መገለል ግን ማንም አይነካውም፤ ሁሉም «ነገር ቢኖረው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ባካፑም ለዓመታት ጎዶሎ ሆኖ ይኖራል።

ቀጥሎ ቁጥር እናገናኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ማታ ገንዘቡን ሳያመሳክር ቤቱ አይሄድም። እኛስ? ጠቅላላ ፋይሉ ስንት ነው? የተገለለው ፎልደር ውስጥ ስንት አለ? ዝርዝሩ ውስጥስ? የኋለኞቹ ሁለቱ ሲደመሩ ከመጀመሪያው እኩል መሆን አለባቸው። ጠቅላላው 1250፣ ፎቶ ውስጥ ያለው 900 ቢሆን ዝርዝሩ 350 መሆን አለበት። 338 ካለ 12 ፋይል የሆነ ቦታ ቀልጧል፤ የፎቶኮፒው ደረሰኞች ናቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ዝርዝሩን «ደብልዩሲ -ኤል» ለሚባለው ቆጣሪ በማቀበል ይገኛል። ሦስት መስመር ነው። ሦስት መስመር ደግሞ ከአንድ የጠፋ ውል ይረክሳል።

በመጨረሻ ለሚያስተምሩ ጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። ትእዛዝን እንደ ድግምት አታስተምሩን። «ይህን ተይቡ፣ ይሠራል» የተባለ ተማሪ የሠራውን እንጂ የሆነውን አያውቅም፤ ያልሠራ ዕለትም የሚይዘው የሚጨብጠው የለውም። ዓረፍተ ነገሩን አስቀድማችሁ በአማርኛ አናግሩን። «ከሆነ አትግባ፤ አለዚያ ጻፍ» የሚለውን አንድ ጊዜ የገባው ወጣት ነገ ሌላ መሣሪያ ቢመጣ፣ ፋይንድም በስተርጅና ጡረታ ቢወጣ፣ የሚጠይቀውን ጥያቄ አይረሳም፦ «ሳይጨምር» ስል ምን ማለቴ ነው? አትግባ? አትንካ? ወይስ አታሳየኝ ብቻ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ኢንተር መጫን የለም። ቸር እንሰንብት!